የሐጂ ሀይደር ስልክ

ሐጂ ሀይደር ከተቀበሩ ዘጠኝ ቀን ሆኗል፤ ስልካቸው ግን በየማታው ቻርጅ ይደረጋል። ሶኬቱ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው። የሚሰኩት ወንድማቸው ሱልጣን ናቸው፤ ለሌላ ሰው አያምኑም። ስልኩ ከጠፋ ያሲን ይጠረጥራል። ያሲን የሐጂ የበኩር ልጅ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ አጠገብ፣ ሱቁ ውስጥ ሌቦች ሆዱን በጥይት መትተውት ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ሆኖ ሆስፒታል ተኝቷል። የአባቱን ሞት አልሰማም። ሐኪሙ እንዳይደነግጥ ብሏል። ከሐኪሙ በላይ ደግሞ ወጉ አለ፤ መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ማለዳ ሄዶ፣ ግራና ቀኙን ይዞ ነው የሚነግረው። ያሲን እሁድ ከሆስፒታል ይወጣል። እዚያ ያሉት የአገር ልጆች እሁድ በጠዋት ተሰብስበው ሊነግሩት ተስማምተዋል። እስከዚያ ድረስ ሐጂ ሀይደር በስልክ በሕይወት አሉ።

ውሸቱ የሚነገረው በሀዲይኛ ነው። ያሲን በየማታው ከመግሪብ ሶላት በፊት ይደውላል፤ ከሄደ ጀምሮ የማይለውጠው ሰዓት ነው። ሱልጣን ያነሳሉ። በመጀመሪያው ቀን ተኝቷል አሉት። በማግስቱ ሆመቾ ሄዷል፣ ስልኩን ረስቶት ነው አሉ። በአራተኛው ቀን ጥርሱን ተነቅሎ አፉ አብጧል፣ መናገር አይችልም አሉ። ያኔ ያሲን ሳቀ። «በዚህ ዕድሜው የሚነቀል ጥርስ ተርፎታል እንዴ?» አለ። ሱልጣንም አብረው ሳቁ። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ግን ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ብዙ ቆዩ። እናትየው አይሻ ውስጠኛው ክፍል ናቸው፤ ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አትወጣም። ድምፃቸው ያሳብቃል ተብሎ ስልኩ ሲጮህ በሩ ይዘጋባቸዋል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የልጃቸውን ድምፅ በበር ቀዳዳ ነው የሰሙት።

ሐሙስ ጠዋት የሐጂ ሁለተኛ ልጅ ሰሊማ ፍራሿን ስታጥፍ፣ ከሆመቾ የመጡ ሁለት ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ሲንሾካሾኩ ሰማች።

«ለቅሶው እኮ እዚያ ደርሷል አሉ።»

«የት?»

«ደርባን ነዋ። የእህቴ ልጅ በስልክ አየሁት አለኝ። እኔንም አየኝ። ሻሽሽ ተጣሟል፣ ሰው ፊት እንዲህ ትቀርቢያለሽ? ብሎ ተቆጣኝ።»

ሁለቱም በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቃቸውን ዋጡ። ሰሊማ አልሳቀችም። የሴትዮዋ የእህት ልጅ የቀብሩን ቪዲዮ እንዲያይ የተፈቀደለት ሰው አይደለም፤ ቤተሰብ በሚያስጽፈው ዝርዝር ላይ ሊኖር አይችልም። እሱ ከከፈተው ማንም ይከፍተዋል። ሰሊማ ይህን የምታውቀው ሥራዋ ስለሆነ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ባለው የዳኘ ፎቶና ቪዲዮ ቤት ኮምፒውተሩንና ድረ ገጹን የምትይዘው እሷ ናት። ዳኘ ሰርግና ለቅሶ ይቀርጻል። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከአንጋጫ ልጁ ደቡብ አፍሪካ ያልሄደበት ቤት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የቀረጸውን ድረ ገጹ ላይ ያስቀምጣል፣ ዘመድ እዚያ ሆኖ በየስልኩ ያወርዳል። የአባቷንም ቀብር የቀረጸው ዳኘ ነው። ሰሊማ አትፈልግም ነበር። ሱልጣን ናቸው ይቀረጽ ያሉት፤ ገንዘብ ያዋጡት የውጭ ዘመዶች ዓይናቸው ይይ፣ ወንድሜ ሜዳ ላይ የወደቀ ሰው አይደለም ብለው። ቀረጻው ላይ የቃሬዛውን የፊት ቀኝ እግር የያዙት እሳቸው ናቸው። ቦታው የበኩር ልጅ ቦታ ነው። ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ቢሆንም እስከ መቃብሩ ለማንም አልለቀቁም።

ሰሊማ የሰማችውን ለአጎቷ ነገረቻቸው። ሱልጣን የወንድማቸውን ስልክ በእጃቸው ይዘው ባትሪውን እያዩ ነበር።

«ማንም ይከፍተዋል ነው የምትይኝ?»

«ቁጥሩን የገመተ ሁሉ። ዛሬ እዘጋዋለሁ፤ አስቀድሜም የጀመርኩት ሥራ ነው።»

ሐዘን ላይ ያለች ልጅ በዘጠነኛው ቀን ከቤት ስትወጣ ሰው ምን እንደሚል ሁለቱም ያውቃሉ። ሱልጣን ወደ ሴቶቹ አዩ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሂጂ። ከተጻፈው ሰው በቀር ማንም አይየው። ያሲን ብቻውን ተኝቶ ቢሰማ ደሙ በእኛ ላይ ነው።»

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ከቤታቸው፣ ከጎፈር ሜዳ፣ እስከ መናኸሪያው ባጃጅ ሦስት ብር ነው፤ ጭቃው ስለበረታ አምስት ጠየቋት፣ ከፈለች። በመንገድ ላይ ሁለት ሴቶች አላህ ያጽናሽ አሏት። ስታልፍ ደግሞ ዞረው አዩዋት።

ፎቶ ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ፊት ለፊት ባለው ክፍል የሙሽሮች ፎቶ ተሰቅሏል፤ ግማሹ ፀሐይ በልቶት ሙሽሮቹ ቢጫ ሆነዋል። ጠረጴዛው ላይ ደንበኛ ተቀብላ የምትመዘግበው ውቢት ናት። ከኋላ ያለው መስኮት የሌለው ክፍል የሰሊማ ነው። ስትገባ አቶ ብዙነህ የሚባሉ መምህር ዳኘን አፋጠው ይዘውታል። የልጃቸውን ሰርግ ዳኘ ነበር የቀረጸው። ያንኑ ሰርግ መናኸሪያው ውስጥ ካሴት ቤት በፍላሽ እየገለበጡ በአሥራ አምስት ብር ይሸጡታል።

«የሰው ልጅ ሰርግ ነው እኮ» ይላሉ አቶ ብዙነህ። «የዱራሜ ሾፌር ሁሉ ልጄ ስትጨፍር እያየ ነው ምሳውን የሚበላው። አንዱማ ምን አለኝ መሰለህ? መምህር፣ እርስዎም እስክስታ ያውቁበታል ለካ! አለኝ።»

ዳኘ መሳቅም ማዘንም አቅቶት ጢሙን ይደባብሳል። «ጋሼ፣ ዛሬ ይዘጋል። ይኸው ባለሙያዋ መጣች። በሐዘኗ መሃል ነው የመጣችው።»

መምህሩ ሰሊማን ሲያዩ ቁጣቸውን ዋጡ። ባርኔጣቸውን አንስተው ነፍስ ይማር አሏት፤ ከዚያ የእስላም ቤት መሆኑ ትዝ ብሏቸው አላህ ያጽናችሁ ብለው ጨመሩ፤ ወጡ።

ዳኘ ተከትሏት ወደ ኋላ ክፍል ገባ። በር ላይ ቆሞ፣ «እኔ ካሜራ ነው የማውቀው» አለ። «ምን እንደምትሠሪ በአማርኛ ንገሪኝ።»

ሰሊማ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ብዙ መናገር አትወድም፤ ዛሬ ደግሞ ባሰባት። ቢሆንም ነገረችው። ድረ ገጹን ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ነው የሠራው። ሰው ቪዲዮ ሲጠይቅ ፕሮግራሙ ስልክ ቁጥሩንና የምስጢር ቁጥሩን ያያል። ትክክል ከሆነ ቪዲዮውን ራሱ ከዲስኩ ላይ እያነበበ፣ ቁራጭ በቁራጭ እየተሸከመ ያደርሳል። ዘበኛም ነው፣ ተሸካሚም ነው። ሦስት ሰርግ በአንድ ላይ ከተጠየቀ ሸክሙ ይበዛበትና ይዝላል፤ በሩ ላይ ሰልፍ ይሆናል። የባሰው ግን ሌላ ነው። ቪዲዮዎቹ የተቀመጡት ማንም በሚያልፍበት ግቢ ውስጥ ነው። አድራሻውን ያወቀ ሰው ዘበኛውን ሳያናግር በአጥሩ ገብቶ ይወስዳል። አድራሻው ደግሞ ቁጥር ብቻ ነው። የሁለት መቶ አሥራ ሦስትን ያወረደ ሰው አንድ ጨምሮ ሁለት መቶ አሥራ አራትን ይከፍታል።

«ሁለት መቶ አሥራ አራት የማን ነው?»

«የአባቴ።»

ዳኘ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቆመ።

«ከዛሬ ጀምሮ ዘበኛው ዘበኛ ብቻ ይሆናል» አለች። «ቪዲዮዎቹን ሁሉ መንገድ ወደማይደርስበት መጋዘን አስገባቸዋለሁ። ድረ ገጹ ላለበት ሰርቨር ለዚህ የሚሆን ሞጁል የሚሉት ተጨማሪ ፕሮግራም አለ፤ እሱን እጭናለሁ። ዘበኛው ሰውየውን አይቶ፣ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ካለ፣ ለመጋዘኑ ሠራተኛ ይህን ስጠው ብሎ ቁራጭ ወረቀት ይልካል። የሚሰጠው መጋዘኑ ነው። መጋዘኑ ደግሞ አይዝልም፤ መሃል ላይ ቢቋረጥ ከቆመበት ይቀጥላል።»

«ወረቀቱን ሰውየው ቢቀማውስ?»

«አያየውም። በውስጥ ነው የሚያልፈው።»

«ዘበኛው ቢሳሳትስ?»

«ዘበኛው የተጻፈለትን ነው የሚያነበው» አለች ሰሊማ፤ ፊቷን ወደ ማሽኑ አዞረች።

ሥራው በወሬ አጭር ነው፤ በእጅ ግን ረጅም። ቪዲዮዎቹን ወደ አዲሱ ፎልደር ማዛወሩ ብቻ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ሰርቨሩ ውጭ አገር የተከራዩት ነው፣ ኔትወርኩ ቆም ይልና ይሄዳል። ከዚያ የፕሮግራሙን አሮጌ መስመሮች፣ ፋይሉን የሚያነቡትን፣ አጠፋቻቸው። በምትካቸው የፋይሉን ቦታ ለሰርቨሩ የሚነግር አንድ መስመር ጻፈች። ሞከረች። የወረደው ፋይል ባዶ ነው፤ ስሙ አለ፣ ክብደቱ ዜሮ። እንደገና ሞከረች፤ ዜሮ። ሦስት ጊዜ መስመሯን ፊደል በፊደል አነበበች፤ ስህተት የለበትም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ውቢት ሳምቡሳና ሻይ አመጣችላት። ሳምቡሳውን ሳትነካ አንድ ነገር ታያት። ዘበኛው ወረቀቱን ይልካል፤ መጋዘን ውስጥ ግን የሚያነብ ሰው የለም። ሞጁሉን ጭናዋለች፣ ለዚህ ድረ ገጽ ግን ሥራ ጀምር አላለችውም። ማዋቀሪያ ፋይሉን ከፍታ ሁለት መስመር ጨመረች፤ አንዱ ሥራ ጀምር የሚል፣ ሌላው ከዚህ ፎልደር በቀር ከየትም እንዳትሰጥ የሚል። ሰርቨሩን አጥፍታ ልታስነሳ ስትል መብራት ሄደ።

ዳኘ ጄኔሬተሩን እስኪያስነሳ ጨለማው ውስጥ ተቀመጡ። ውቢት የበሩን መጋረጃ ገልጣ ቆማለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሥራዋን የምትወድ፣ ጽሕፈቷ የተማሪ ደብተር የሚመስል ልጅ ናት።

«ሰሊዬ፣ ብዪ እንጂ። ይቀዘቅዛል።»

«እበላለሁ። የኛን ዝርዝር ማን ነው ያመጣልሽ?»

«አጎትሽ። ማክሰኞ ዕለት። በእጃቸው ጽፈው፣ አጣጥፈው። አሥራ ሰባት ሰው ነው፣ ሁሉንም አስገብቻለሁ። ቁጥሩን ሁለት ሁለት ጊዜ ነው ያስነበቡኝ፤ እንዳትሳሳቺ፣ አደራ፣ አደራ እያሉ። እኔማ አስተማሪዬ መሰሉኝ!»

አጎቷ ከሆኑ ሰሊማ አልጠረጠረችም። በዚያ ቤት ውስጥ ምስጢሩን ከሁሉም አጥብቆ የያዘ ሰው ቢኖር ሱልጣን ናቸው። ሕፃናቱን ሳይቀር አስጠንቅቀዋል። ከውጭ የሚደውል ዘመድ ሁሉ ያሲንን እንዳያገኘው አስምለዋል። ሳምቡሳዋን በላች።

ጄኔሬተሩ ተነሳ። ሰርቨሩን አስነስታ ሞከረች። ወረደ። ሙሉውን፣ በአሮጌው መንገድ ከሚፈጀው ጊዜ በሩብ ወረደ። በአሮጌው አድራሻ ገብታ ሞከረች፤ አልተገኘም አላት። በዳኘ ስልክ ቁጥር ሞከረች፤ አልተፈቀደም አላት። በመሃል ኔትወርኩን አጥፍታ መልሳ አበራችው፤ ፋይሉ ከቆመበት ቀጠለ። ከዘጠኝ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር በእጇ እንደታዘዘላት ተሰማት። ዳኘ ከኋላዋ ቆሞ ያያል። «አልተፈቀደም አለኝ? የገዛ ቤቴ!» ብሎ ሳቀ። ሰሊማም ፈገግ አለች። ወዲያው ደግሞ በሐዘኗ መሃል ጥርሷ መታየቱ አሳፈራት።

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነበር። ውቢት ከፊት ክፍል ተጣራች። «ልላክ?» የአሥራ አንድ ቤተሰብ ዝርዝር ተጠራቅሞ ነበር። በሩ እስኪዘጋ ሰሊማ ራሷ ናት አትላኪ ብላ ያስቆመቻት። ውቢት በፎቶ ቤቱ ስልክ፣ በኢሞ፣ በዝርዝሩ ላይ ላለ ለእያንዳንዱ ሰው አድራሻውንና የራሱን የምስጢር ቁጥር ትልካለች።

«ላኪ» አለች ሰሊማ። «ከኛ ጀምሪ።»

ሻይዋን ጠጣች። የሰርቨሩን መዝገብ ከፍታ ማየት ጀመረች። ማን ገባ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ወሰደ፣ ሁሉም በመስመር በመስመር ይጻፋል። ገና ማንም የለም። ከዚያ አንድ መስመር መጣ። ፋይል ሁለት መቶ አሥራ አራት። የተጠቃሚ መለያ 214-1፤ የዝርዝሩ አንደኛ ሰው ማለት ነው። ቀጥሎ ስልክ ቁጥሩ፤ በሃያ ሰባት ይጀምራል፣ በስድስት መቶ አሥራ አራት ያበቃል። ይህን ቁጥር ሰሊማ ከራሷ ቁጥር በላይ ታውቀዋለች። አባቷ ማንበብ ስለማይሆንላቸው፣ እሳቸው ያሲንን ሲፈልጉት ስድስት ዓመት ሙሉ እየደወለች ያቀበለቻቸው እሷ ናት።

ተነስታ ወደ ፊት ክፍል ሄደች። «ወረቀቱን ስጪኝ» አለች።

ውቢት ከመሳቢያዋ አውጥታ ሰጠቻት። የደብተር ቅጠል ነው። የአጎቷ ጽሕፈት ትልልቅና የተራራቀ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት የተማሩት። ከላይ «የሐጂ ሀይደር ሐዘንተኞች» ይላል፣ በሁለት መስመር ተሰምሮበታል። ከሥሩ፣ አንደኛ፣ ያሲን ሀይደር፣ የበኩር ልጅ። ሁለተኛ እሱም ውጭ ያለው ሌላው ወንድሟ፣ ከዚያ አጎቶች፣ የአጎት ልጆች፣ አማቾች፣ በዕድሜ በዕድሜያቸው። ሰሊማ ቆማ አነበበችው። በአገሩ የሟች ልጆች ስም ሲጠራ በኩሩ ይቀድማል። ባይኖርም ይጠራል፤ ሞቶም ከሆነ ይጠራል። የበኩሩን ስም ዘልሎ የሐዘንተኛ ዝርዝር የሚጽፍ ሰው፣ ሟቹን ልጅ የለህም እንዳለው ይቆጠራል። ሱልጣን ብዕር ሲያነሱ ያሰቡት ይህንን ነው። ወረቀቱ ተመልሶ በር ይከፍታል ብለው አላሰቡም። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ያስነበቡትም ለዚያው ነው፤ የበኩሩ ቁጥር እንዳይበላሽ።

«ምነው? ተሳሳትኩ?» አለች ውቢት። ከወንበሯ ተነሳች።

«አልተሳሳትሽም። ለእሱ የላክሽውን አሳዪኝ።»

ለሁሉም የምትልከው አንድ ዓይነት ነው። «የሐጂ ሀይደር የቀብርና የለቅሶ ሥነ ሥርዓት ቪዲዮ ደርሷል። አላህ ያጽናችሁ። ዳኘ ፎቶና ቪዲዮ።» ከሥሩ አድራሻው፤ ከሥሩ መለያው 214-1 እና የምስጢር ቁጥሩ። ከጎኑ ሁለት ምልክት አለ። ተነብቧል።

ወደ ማሽኑ ተመለሰች። ፋይሉ አርባ አንድ በመቶ ላይ ደርሶ ቆሟል። እዚያ ኔትወርኩ ተቋርጦበት ይሆናል፤ ወይም ራሱ አቁሞት። አሁን ስሙን ብታጠፋ፣ ሲመለስ ዘበኛው ዝርዝሩን ያይና አልተፈቀደም ይለዋል። ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ስልኳን አውጥታ ደወለችለት። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። ደግማ ደወለች። ተቋረጠ፤ በእጁ ነው የቆረጠው። ከዚያ እዚያው ካሉት የአገር ልጆች፣ እሁድ መርዶውን ሊነግሩ ከተስማሙት፣ ለአንዱ ደወለች። ሱቅ ላይ ነው፣ ዕቃ የሚገዛ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«ሰሊማ! ደህና ናችሁ? እሁድ እንደተባባልነው ነው አይደል?»

ሂድ፣ አሁኑኑ ሂድ፣ ብቻውን ነው ልትለው ነበር። ማን ነገረው? ይላል። ሁሉም ይህንኑ ነው የሚጠይቀው። የሞተውን ሰው እንኳ ሲረሱት፣ መርዶውን ያለ ወጉ ያሰማውን ሰው ስም አይረሱም። ከሆሳዕና እስከ ደርባን፣ ሱልጣን ነው ይባላል፤ የገዛ የወንድሙን ልጅ። ሰውየው ሁለት ጊዜ ሃሎ አለ።

«እሁድ ነው» አለች። ዘጋችው።

ፋይሉ አሁንም አርባ አንድ ላይ ነው። ዳኘ ወሬውን ከውቢት ሰምቶ በሩ ላይ ቆሟል፤ አይገባም። «አጥፊው» አለ ቀስ ብሎ። «ቢያንስ ቀብሩን አያይም።»

«ሞቱንማ አነበበ።»

ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች። አባቱ ሞተው፣ በሩ በላዩ ላይ ተዘግቶ፣ ስሙም ከዝርዝሩ ተፍቆ፣ ያንን ማድረግ አልቻለችም። ጥቂት ቆይቶ አዲስ መስመር ተጻፈ። 214-1። ዘበኛው አየው፣ ዝርዝሩ ላይ አገኘው፣ አሳለፈው። ፋይሉ ከቆመበት ቀጠለ። ሰሊማ ቁጥሩ ሲጨምር እያየች ተቀመጠች፤ ስልሳ፣ ሰባ አምስት፣ መቶ። ቀብሩ የሃምሳ ደቂቃ ቀረጻ ነው። እስኪያየው ድረስ ያንን ሃምሳ ደቂቃ ሰዓቷን እያየች ጠበቀች፤ ከእሱ ጋር የተቀመጠች ይመስል።

ቤት ስትደርስ የማታው ሰዓት ቀርቦ ነበር። ከቤቱ ፊት ያለው ድንኳን ተነቅሏል፤ የኪራይ ወንበሮቹ ተደራርበዋል። ሱልጣን ሳሎን ውስጥ የሐጂን ስልክ ፊታቸው አስቀምጠው ይጠብቃሉ። «ዘጋሽው?» አሏት። «ዘጋሁት። ከተጻፈው ሰው በቀር አይገባም» አለች። «ተባረኪ» አሏት። ወገባቸውን በእጃቸው ይዘው ተቃኑ። ሰሊማ ልትቀመጥ ቦታ አጣች፤ ቦታ ጠፍቶ አይደለም።

ስልኩ ጮኸ። ሴቶቹ ዝም አሉ። አንዷ ተነስታ የውስጠኛውን ክፍል በር ዘጋች። ሱልጣን ጆሯቸው በደንብ ስለማይሰማ ስፒከር ላይ አደረጉት።

«ወዓለይኩም ሰላም ያሲን። ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ አጎቴ። አባዬስ?»

ሰሊማ ግድግዳውን ያዘች።

«አሁን መስጊድ ሄደ» አሉ ሱልጣን። «ትንሽ ቀደም ብትል ታገኘው ነበር።»

ሱልጣን መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው ስልኩን አይተው መልሰው ያዙት። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ረጋ ያለ፣ የደከመ።

«ጥርሱን ተሻለው?»

«እየተሻለው ነው፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ጠንካራ ነገር እንዳትሰጡት። ገንፎ ነገር ስጡት። ያሲን ሰላም ብሎሃል በሉልኝ።»

«እሺ ልጄ፣ እሺ። አንተ ብቻ ዳን።»

«የእርስዎስ ወገብ?»

«ምን ይሆናል፤ የሽማግሌ ወገብ ነው።»

«ከባድ አይሸከሙ። ሰሊማ ካለች ይስጧት።»

ሱልጣን ስፒከሩን አጥፍተው፣ በዓይናቸው አስጠንቅቀው፣ ስልኩን ሰጧት። ሰሊማ ወደ በረንዳው ወጣች። ስልኩ የአባቷን የጢስና የሽቶ ሽታ ይዟል። ከወዲያ የሆስፒታል ጋሪ ሲያልፍ ይሰማታል።

«ቅድም ደውለሽ ነበር» አለ።

«አዎ።»

«እያየሁ ነበር።»

ውጭ፣ የጎረቤት ልጆች ከቆርቆሮው ሥር ኳስ ይማታሉ።

«የቃሬዛውን የፊት ቀኝ አጎቴ ነው የያዘልኝ» አለ ያሲን። «እስከ መጨረሻው። ያንን ወገብ ይዞ።»

«አልለቅም ብሎ ነው።»

«ቁጥሬ አንድ ነው። እሱ ነው የጻፈው?»

የሰሊማ ዝምታ መልስ ሆነው።

«ማወቄን እንዳትነግሪው» አለ። ድምፁ ተሰበረ፤ ቆየት ብሎ ተስተካከለ። «እሁድ ሰዎቹ ይመጣሉ። እነሱ ሲነግሩኝ እሰማለሁ። እስከዚያ ስልኩን አታጥፉት።» ዘጋው።

ስትገባ ሱልጣን ቆመው ጠበቋት። «ጠረጠረ?»

«አልጠረጠረም።»

ሱልጣን እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ፊታቸውን አበሱ። የውስጠኛው ክፍል በር ተከፈተ። አይሻ ነጭ ሻሻቸውን እንዳሰሩ በሩ ላይ ቆመዋል። ማንንም አላዩም፤ ልጃቸውን ሰሊማን ብቻ ነው የሚያዩት።

«ልጄ አልቅሷል» አሉ።

«ጉንፋን ይዞት ነው እማ።»

አይሻ ብዙ አዩዋት። ከዚያ ተመልሰው ገቡ፤ በሩን ራሳቸው ዘጉት። ሱልጣን ወደ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ጎንበስ አሉ፣ ወገባቸውን ይዘው፣ የወንድማቸውን ስልክ ሶኬቱ ላይ ሰኩት። ትንሿ ቀይ መብራት በራች።

«ሁለት ማታ ቀረን» አሉ። «ዓርብና ቅዳሜ።»

«ዓርብና ቅዳሜ» አለች ሰሊማ።